እትዬ በመኳንንቱ ቤት

ትኬቱን የሰጠችኝ የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ ናት። አንድ የመኳንንት ቤተሰብ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የሰበሰበውን ሥዕል መሃል ለንደን ባለው አሮጌ ቤተ መንግሥቱ ያሳያል። ትኬቱ ለሁለት ሰው ስለሆነ ጎረቤቴን እትዬን ይዣቸው ሄድኩ። እትዬ ጉልበታቸውን ከታመሙ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ሳይስሙ ወራት አልፈዋል። ከምንኖርበት ሰፈር ከኤድመንተን ወጣ ብለው ትንሽ አየር ያግኙ ብዬ ነበር።

የመጀመሪያው ክፍል ግድግዳ ልብስ ባልለበሱ ሴቶች ሥዕል ተሞልቷል። እትዬ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

"በዚህ ብርድ! እናት የላቸውም እንዴ?"

"እትዬ፣ ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል።"

"ማን አማርኛ ያውቃል? አንቺ ደግሞ ጥላሽን ትፈሪያለሽ።"

እውነታቸውን ነው። ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ሰው ፊት እንግሊዝኛ ስናገር ላብ ያጠምቀኛል። ሐኪም ቤት እንኳ የተባልኩት ሳይገባኝ "የስ" ብዬ ነው የምወጣው።

በሚቀጥለው ክፍል ፊት ለፊት እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተስላለች። እኔ በወርቅ ያጌጠውን ጣሪያ ቀና ብዬ ሳይ እትዬ ጫማቸውን አውልቀዋል። ሥዕሉ የታጠረበትን ገመድ በምርኩዛቸው ከፍ አድርገው ሊሳለሟት ሲጠጉ የማስጠንቀቂያ ደወል ጮኸ።

ጠባቂው እየሮጠ መጣና እጁን ወደ መውጫው ዘርግቶ ውጡ አለን።

"ምን አጠፋሁ?" አሉ እትዬ። "እመቤቴ አይደለችም እንዴ? ሳልስማት ልሂድ?"

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ዝም ብል ሊያስወጣቸው ነው።

"ይቅርታ" አልኩት በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ። "እሳቸው መጥፎ ሰው አይደሉም። እኛ አገር እሷን እንስማለን። ታመው ነው፤ ብዙ ወር ቤተ ክርስቲያን አልሄዱም።"

ጠባቂው በካልሲ የቆሙትን እትዬን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ቢሆንም ሥዕሉን መንካት አይቻልም።"

እኛ ዘንድ ወደ ውስጥ ያልገባ ሰው ደጁን ስሞ እንደሚመለስ ትዝ አለኝ።

"በሩንስ?" አልኩት። "በሩን መሳም ይቻላል?"

በሩን አየው። ፈገግ አለ። "ስለ በሩ ማንም የነገረኝ የለም።"

እትዬ የበሩን መቃን በቀኝም በግራም ተሳለሙ፤ ግንባራቸውን አስደግፈው ብዙ ቆዩ። ጠባቂው ወንበር አምጥቶ ከገመዱ ወዲህ አስቀመጠላቸውና እስኪበቃቸው ድረስ ተቀምጠው አዩዋት።

ልንወጣ ስንል "ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ በይልኝ" አሉኝ። ነገርኩት።

"የቤቱንም ጌቶች ያክብርልን በይ። ወዴት ትሄጃለሽ? አልጨረስኩም!"

ምርቃቱ ረጅም ነበር። ያጣሁትን ቃል በእጄ እያሳየሁ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። እሱም ሳይቸኩል፣ እስክጨርስ ቆሞ ሰማኝ። ያን ሰው እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።