ራሴን ልታሽ ሄጄ የተጸለየልኝ ቀን

ነገሩ የሆነው በኮሮና ሁለተኛው ዓመት፣ ጆሃንስበርግ ውስጥ ነው። ያልረሳሁት፣ ያን ቀን ያስተኛኝ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ በትክክል መናገር ስላልቻልኩ ነው። በትክክል መናገር የማልችለው ነገር ደግሞ እንደ ጥርስ ሕመም ይነዘንዘኛል።

ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ለማትሪክ ፈተና ልቀመጥ ሁለት ቀን ሲቀረኝ እንቅልፍ ከዓይኔ ከጠፋ ሳምንት አልፎት ነበር። አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ አንብቤ ምንም አልይዝም። እንዲህ ሆኜ ከገባሁ እንደምወድቅ አውቃለሁ፤ ባለፈው ዓመትም የወደቅኩት በዚሁ ነው።

ሂልብሮው በሚባለው ሰፈር አንድ ክፍል የምንጋራው ትዕግሥት፣ ከሕንፃችን ሥር ፀጉር ቤት አላት። በዚያ ሰሞን ስልኳ ላይ ቪዲዮ አይታ፣ በሩ ላይ «የጃፓን የራስ ማሳጅ፤ ጭንቀት ያጠፋል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ፀጉር ያሳድጋል» የሚል ወረቀት ለጥፋለች። ከሆሳዕና ከተማ ቀጥታ እዚህ እንደመጣች እንጂ ጃፓን እንዳልሄደች ባስታውሳት፣ «ቪዲዮው የጃፓን ነው፤ እጁ የራሴ ነው» አለችኝ። ቅዳሜ ጠዋት በነፃ ላሽሽ ስትለኝ ግን እምቢ አላልኩም።

ወንበሩን አጋድማ ራሴን ለብ ባለ ውሃ አጠበችና ጣቶቿን ከማጅራቴ ወደ ግንባሬ ታመላልስ ጀመር። እውነቱን ልናገር፣ ጥሩ ነበር። ኮሮና ከገባ ወዲህ ሰው በደግ እጅ ሲነካኝ የመጀመሪያው ነው። ሻምፖ ዓይኔ ገብቶ እንባዬ ይወርዳል። ከንፈሬ ደግሞ እንደ ልማዱ የሥነ ሕይወት ትምህርቴን በእንግሊዝኛ ያነበንባል።

እትዬ ብርቱካን ፀጉራቸውን ሊሠሩ የገቡት ይኼኔ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ጸሎተኛ ናቸው። ጉባኤ ከተዘጋ ጀምሮ እጃቸውን የሚጭኑበት ራስ አጥተው ከርመዋል። አሁን ዓይኗን የጨፈነች፣ የምታነባ፣ ከንፈሯ የሚንቀሳቀስና እጅ የተጫነባት ሴት አዩ። እኛ ዘንድ ይህ አንድ ትርጉም ብቻ አለው። ማስካቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱ፣ መዳፋቸውን በጥንቃቄ በሳኒታይዘር አሹ፣ ከዚያ ከትዕግሥት እጅ በላይ ጫኑብኝ።

«ጌታ ሆይ፣ ታደለችን ከመጽሐፍ መንፈስ ፍታት» አሉ። «አንገቷን ያጎበጠ፣ ባል ያስቀረባት የወረቀት እስራት ይሰበር።»

ፀጉር ማድረቂያ ካስክ ሥር የተቀመጡ ሁለት ደንበኞች አሜን አሉ። ማስረዳት የሚገባት ትዕግሥት ነበረች። እሷ ግን ደንበኛ ላለማስቀየም ይሁን ፈርታ፣ አሜኑን ተከትላ ማሸቷን ቀጠለች።

«እትዬ፣ ማሳጅ ነው» ልላቸው ይገባ ነበር። ትልቅ ሰው በሰው ፊት ማሳፈር ከበደኝ። ከሱ በላይ ግን እጁ እንዳይቆምብኝ ፈራሁ። «ይሰበር» ካሉት በኋላ «ይቃጠል» ሲሉ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።

ስነቃ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ፎጣ ለብሻለሁ። እትዬ ብርቱካን ፀጉራቸውን ሳይሠሩ አጠገቤ ተቀምጠዋል። «ተፈታለች፤ ማንም እንዳይቀሰቅሳት» ብለው ፀጉር ማድረቂያውን ሁሉ አስጠፍተው፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ሲጠብቁኝ መዋላቸውን ትዕግሥት ነገረችኝ። ያን ማታም ደህና ተኛሁ፤ እሑድም እንደዚያው።

ፈተናውን አለፍኩ።

እትዬ ብርቱካን በስልክ የጸሎት ፕሮግራም ላይ ከመጽሐፍ ነፃ መውጣቴን መሰከሩ። ለትዕግሥትም «እንደ ታደለች አድርጊኝ» የሚሉ ደንበኞች በዙላት። እኔ የሰው ደብዳቤ ላይ ነጠላ ሰረዝ ሳላርም የማላልፍ ሴት፣ ይህን ምስክርነት እስከ ዛሬ አላረምኩም። ማሳጁ ነው እንዳልል፣ ያን ሁሉ ሰዓት ሰው እንዳይቀሰቅሰኝ የጠበቀኝ ማሳጅ አይደለም። ጸሎቱ ነው እንዳልል፣ የተጸለየው ማንበብ እንድተው ነው።

አሁን ኮሌጅ ገብቻለሁ። እትዬ ብርቱካን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ፣ ከመጽሐፍ ስለገላገለኝ ጌታን ያመሰግናሉ። እኔም የመጽሐፍ ቦርሳዬን ወደ ጀርባዬ ዞር አድርጌ አሜን እላለሁ።