ያልተረጎምኩት ዓረፍተ ነገር

ጥቅምት 5 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ታላቅ እህቴ የዓመት ከመንፈቅ ሴት ልጇን ሁምቦ ለምትኖረው እናታችን ሰጥታ ወደ ሶዶ ተመለሰች። ምክንያቱን አልተናገረችም።

ቤቷ ያሉትን ቢላዎች ሳጥን ውስጥ ቆልፋባቸው ነበር። ከደጅ ትመለሳለች፣ ቁልፉን ትነካለች፣ ትወጣለች፣ እንደገና ትመለሳለች። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ጥሬ ሥጋ ሲቆረጥ ጓዳ ገብታ ተቀምጣ ነበር። አጎታችን ሥጋውን በሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ፣ በዳታ እያጠቀሰ፣ «የወላይታ ልጅ ሆነሽ ቢላ ትፈሪያለሽ? ነይ፣ በጥርሴ ልቦጭቅልሽ!» አላት። እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርኩ።

በኅዳር ክሊኒክ ወሰድኳት። ባለሙያው ወላይትኛ አይችልም፤ የእሷ አማርኛ ከገበያ አያልፍም። አስተረጎምኩ።

«ምንድን ነው የሚያስጨንቃት?» አለኝ።

እህቴ መሬት መሬት እያየች፣ «ቢላ ባየሁ ቁጥር ልጄን የምወጋት ይመስለኛል። አልፈልግም፤ ሐሳቡ ግን አይሄድም። ለዚህ ነው ያራቅኳት» አለች።

ሥራዬ የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ማድረስ ነው። ያን ቀን ግን «ስለ ልጇ በጣም ትጨነቃለች» አልኩ። እብድ ናት እንዳይሏት ፈርቼ ነው።

«እናት አይደለች? ያለ ነው» ብሎ ቫይታሚን ጻፈላት።

ስንወጣ «ሁሉንም ነገርከው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ምን አለ?»

«ያለ ነው አለ።»

ከዚያ በኋላ ስለ ሐሳቡ አላነሳችም፤ ልጅቷም ሁምቦ አያቷ ዘንድ ቀረች።

አምስት ዓመት አለፈ። ወላይትኛ የምትናገር የአእምሮ ጤና ነርስ ሶዶ መጣች፤ እህቴ ብቻዋን ገባች። ሲጨርሱ ነርሷ እህቴን አስፈቅዳ አስገባችኝ። ሕመሙ የታወቀ ነው፣ ሐሳቡ ያለ ፈቃድ ይመጣል፣ የሚያስጨንቃትም ልጇን ስለምትወድ ነው አለችኝ። ቁልፍ መነካካቱ ለጊዜው ያሳርፋል፣ ፍርሃቱን ግን ይቀልበዋል። መድኃኒት አዘዘችላት። ልምምድም ሰጠቻት፦ መጀመሪያ ሳጥኑን ከፍቶ መተው፣ ቀጥሎ ቢላ መያዝ፣ በመጨረሻ ልጇ አጠገብ ሆና ጎመን መክተፍ። ለእኔም፣ «‹ምንም አላደርጋትም አይደል?› ብላ ስትጠይቅህ አታጽናናት፤ እሱም እንደ ቁልፉ ነው» አለችኝ። ይህን መፈጸም ከሁሉ ከበደኝ።

በ2003 ዓ.ም. ጊፋታ እህቴ ሥጋውን ራሷ ቆረጠች። ከአያቷ ጋር ከሁምቦ የመጣችው ልጇ አጠገቧ ተቀምጣለች። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሰጠቻት። ልጅቷ ተቀብላ በላች፤ ከዚያ ወደ አያቷ ዞራ «እማዬ፣ ዳታ አቀብይኝ» አለች።