ለእንግዳ ሲባል የተቀጠፈ ቅጠል

ሥራ የጀመርሁት ጎንደር ከተማ፣ የጓሮ አትክልት ባለሙያ ሆኜ ነው። በመጀመሪያው ቀን የቡድን መሪያችን አቶ ሙጬ ወደ ችግኝ ጣቢያ ወሰዱኝና አንድ ለምለም ጎመን ከነሥሩ ነቅለው እጄ ላይ አስቀመጡት። ያን የመሰለ ጎመን በከንቱ መነቀሉ አስደነገጠኝ።

«ምን ይታይሻል?» አሉኝ።

«ጤነኛ ጎመን» አልሁ።

«ጤነኛ ያልሽው ታችኛውን ቅጠል ሳታይ ነው» ብለው ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። ከሥር ያሉት ሁለት ቅጠሎች ቢጫ ነበሩ።

ናይትሮጅን ሲያንስ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል እየሳበ ለለጋው ይሰጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቢጫ የሚሆነው ታችኛው ነው። ብረት ሲያንስ ደግሞ ላይኛው ለጋ ይገረጣል፣ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። ይህን ያን ዕለት ተማርሁ፤ ለዓመታትም ሠራሁበት። የሰው ጓሮ ለማየት ቀን እቀጥራለሁ፣ በቀጠሮዬ እደርሳለሁ፣ አይቼ አዛለሁ። ሰው ሲያመሰግነኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

አንድ ዓመት ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ወይዘሮ ዘርፌ አስጠሩኝ። የቄስ ሚስት ናቸው። ጓሯቸው ውስጥ ሁለት መደብ ጎመን አለ፤ ጾሙን ሙሉ ቤተሰቡ የሚበላው እሱን ነው። ጎመኑ ግን አላድግ ብሏል።

«ልጄ፣ ጾሙን በሽሮ ብቻ ልንገፋው ነው። ምነው እንዲህ ሆነብኝ?» አሉ።

በቀጠሮዬ ሄድሁ። መደቡ ጽድት ብሏል፣ አረም የሚባል የለበትም። ጎመኑ ላይ የቀሩት ጥቂት ለጋ ቅጠሎች ናቸው፤ እነሱም ገርጥተዋል። ታችኞቹ የሉም። ጎመን የሚቀጠፈው ከታች ነውና ለወጥ ሄደዋል ብዬ አለፍሁ። ጥግ ላይ የምድጃ አመድ ተቆልሏል። አመድ ሲበዛ ተክል ብረት እንደማያገኝ ስለማውቅ ሌላ ማየት አላስፈለገኝም።

«ያነሰው ብረት ነው» አልኋቸው። «አመዱን ይተዉት። የላሟን በረት አጥበው የሚያፈሱትን ፍግና ሽንትም ያቁሙ፤ አፈሩ ይረፍ።» የብረት መድኃኒት በጥብጬም ረጨሁላቸው።

«እግዜር ይስጥሽ፣ ሸጋ ልጅ» ብለው መረቁኝ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ለጋው ይበልጥ ገርጥቶ ጠበቀኝ። ቢጫ ቅጠል ግን አንድም አላየሁም። ደግሜ ረጨሁ።

ጾሙ ገባ። ሦስተኛው ቀጠሮ አንድ ቀን ሲቀረው ፒያሳ የነበረን ስብሰባ ተሰረዘና፣ ሰፈራቸው ቅርብ ነው ብዬ በባጃጅ ሳልነግራቸው ሄድሁ። የጓሮውን በር ገፋ ሳደርግ ወይዘሮ ዘርፌ ጎንበስ ብለው ይቀጥፋሉ። አጠገባቸው ያለው ቅርጫት እስከ አፉ ቢጫ ቅጠል ሞልቷል።

ክው አልሁ። «እትዬ ዘርፌ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

እሳቸውም ደነገጡ፤ ቅርጫቱን በነጠላቸው ሊሸፍኑት ሞከሩ። «ነገ ትመጫለሽ ብዬ ሳጸዳ ነው» አሉ።

«በፊትም ያጸዱ ነበር?»

«እንዴታ! ለእንግዳ ቤት አይጠረግም? ቢጫ ቅጠል አንጠልጥዬ ዘርፌ ሰነፍ ናት ልባል?»

መደቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልሁ። ቢጫ ሲሆን የከረመው ታችኛው ነው። ያነሰው ናይትሮጅን ነው። ጥቂትም ቢሆን ናይትሮጅን ያገኝበት የነበረውን የበረት እጣቢ ያስቆምሁት ደግሞ እኔው ነኝ! የለጋውን ጅማት አስተውዬ ቢሆን ኖሮ እሱም አብሮ መገርጣቱን እደርስበት ነበር። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ለእኔ ነው።

የባሰው ግን ቀጥሎ መጣብኝ። ሳልቀጥር የገባሁበት ጓሮ አለ? የለም። ታዲያ ስንቱ ጓሮ ተጠርጎ ጠበቀኝ? ስንቱን «ደህና ነው» ብዬ ፈርሜ ወጣሁ?

«መጀመሪያስ ይሁን፣ ሰነፍ እንዳይባሉ ነው። መድኃኒቱ አለመሥራቱን ሲያዩ ለምን አልነገሩኝም?» አልሁ። ተቆጥቼ ነበር።

ወይዘሮ ዘርፌ መሬት መሬት አዩ። «ለፍተሽ ረጭተሽልኝ አልሠራም ልበልሽ? አንቺን ከማሳፍርሽ ጎመኑ ይቅር ብዬ ነው እንጂ።»

እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

የበረቱን እጣቢ በውሃ እያቀጠንን እንደገና ማጠጣት ጀመርን። ጾሙ ሲጋመስ አንዱ መደብ አረንጓዴ ሆነ፤ ሌላው አልተነሣም። እስከዚያ ቤቱ በሽሮ ጾመ።

ለአቶ ሙጬ ሳልደብቅ ሁሉንም ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «እኔም እኮ ዕድሜዬን ሙሉ በቀጠሮ ነው የሄድሁት» አሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

ከዚያ ወዲህ ጓሮ ለማየት ቀን አልቀጥርም። ስገባም ከመደቡ በፊት የጥራጊውን ጉድጓድ አያለሁ። ለምትተኩን ወጣት ባለሙያዎች የምለው ይኸው ነው፤ የተቀጠፈው የት እንደተጣለ ሳታዩ ለተክል መድኃኒት አትዘዙ።