ስም ከነአያት

ጋሽ እምሩ ፎርም ካዩ አያስችላቸውም። ጡረታ ከወጡ ወዲህ በአሜሪካ የሳን ሊያንድሮ ከተማ ያለ አበሻ ፎርም ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው የሚያልፈው፤ ማን ጠርቷቸው!

በ2018 እ.ኤ.አ. ተራው የጎረቤታቸው የዶና ሆነ። ዶና የካናዳ ነባር ሕዝብ ተወላጅ ናት፤ በሕፃንነቷ መንግሥት ከእናቷ ነጥቆ ለአሜሪካውያን አሳዳጊዎች ሰጥቷታል። አሁን እንደሷ ለተወሰዱት ካሳ ይከፈላል ተብሎ ፎርም መጣላት።

«ስም ከነአያት» አሏት ጋሽ እምሩ፣ ፎርሙ ሳይጠይቅ።

«አላውቀውም።»

«አያቱን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ?» ብለው ተቆጡና ወዲያው አፈሩ።

ዶና ግን በቅርቡ ላገኘቻት እህቷ ካናዳ ደወለች። ስሙ ተገኘ። ቦታ ስላልነበረው ጋሽ እምሩ በማስመሪያ አስምረው ጻፉት።

ዶና ያንን ፎርም አልላከችውም፤ ፍሬም ውስጥ አስገብታ ሳሎኗ ሰቀለችው። ጋሽ እምሩም እያጉረመረሙ ለመንግሥት ሌላ ሞሉለት፤ ያለ አያት።