ባዶው ወረቀት የኛ መስሎኝ

ልጄ ጠዋት ወደ ሬድመንድ ከተማ ለሥራ ስትሄድ፣ የልጅ ልጄም ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ቢከን ሂል የሚባል ሰፈር ያለው ቤታችን ጭር ይላል። ሲከብደኝ ነጠላዬን ደርቤ እወጣና ባቡር ወይ አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ ከተማውን ስዞር እውላለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ግን መድረሻ አለኝ፤ ለስደተኛ በነፃ እንግሊዝኛ የሚያስተምር የመንግሥት ኮሌጅ። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ አማርኛ ማንበቡንም የለመድኩት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ተቀምጬ ነው። እዚያ ክፍል ሲገቡ ስም ይጠራል። እዚህ አገር ስሜን በሙሉ የሚጠራኝ ሌላ ሰው የለም።

አንድ ቀን መምህራችን ክፍሉ ገንዘብ አጥሮት ሊዘጋ እንደሚችል ነገረችን። ቀስ ብላ፣ በእጇም እያሳየች አስረዳችን። በኮሮናው ወረርሽኝ ምክንያት ከፌዴራል መንግሥት ለኮሌጁ ገንዘብ መጥቷል፤ ከፊሉ ለኪራይና ለምግብ እንዲሆናቸው ለተማሪዎች በቀጥታ ይሰጣል፤ የቀረውን ምን ላይ እንደሚያውለው ኮሌጁ ሰው ሰብስቦ ይጠይቃል።

"ኑና የኛንም ክፍል አስታውሷቸው" አለችን።

በስብሰባው ቀን ከክፍላችን የመጣሁት እኔ ብቻ ሆንኩ። ሌሎቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ ምን ያድርጉ። ግድግዳው ላይ ገንዘቡ ሊውልበት የሚችለው ነገር አንድ አንድ የተጻፈባቸው ትልልቅ ወረቀቶች ተሰቅለዋል። ለሰው ሁሉ ቀያይ ክብ ስቲከር ያድላሉ፤ ገንዘቡ ይዋልበት የሚሉት ወረቀት ላይ መለጠፍ ነው። ጽሑፉ የጥድፊያ የእጅ ጽሑፍ ስለሆነ የማውቃቸው ፊደሎች እንኳ ጠፉብኝ። መጠየቅ አፈርኩ። አንዱ ወረቀት ላይ ግን ምንም አልተለጠፈም። ከኛ ሰው ካልመጣ ለኛ ማን ይለጥፋል? ይሄ ነው የኛ አልኩና ያለኝን ሁሉ እሱ ላይ ደረደርኩት።

በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ያገሬ ሰው ነው። ሳቁን መያዝ አቃተው።

"እማማ፣ ለጣራው ነው እንዴ ያዘኑለት?"

"የምን ጣራ?"

"የሚያፈሰው ጣራ ነዋ! የለጠፉት ለሱ ማደሻ ነው እኮ።"

"ውይ፣ በሞትኩት! የኛስ ክፍል?"

"የእንግሊዝኛው? ያውልዎት፣ መስኮቱ አጠገብ።"

ዞር ብዬ ባይ ወረቀቱ ቀይ በቀይ ሆኗል።

"ማነው የለጠፈልን ልጄ?"

"ወጣቶቹ የኮሌጁ ተማሪዎች ናቸዋ። ከጠዋት ጀምሮ ሲለጥፉ ነበር።"

የማላውቃቸው፣ የማያውቁኝ ልጆች። ባቡር ላይ ተቀምጬ መውረጃዬን እስካልፍ ድረስ ስለነሱ አሰብኩ።

ክፍላችን ለጊዜው ተረፈ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ኮሪደሩ ላይ ባልዲ ያስቀምጣሉ፤ ጥበቃውም ሲያየኝ በአገጩ ባልዲውን ያሳየኛል። ልጆቹ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው፣ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው በአጠገቤ ያልፋሉ። የትኞቹ እንደለጠፉልን አላውቅም። ስለዚህ ለሁሉም መምህራችን እንዳስተማረችን "ጉድ ሞርኒንግ" እላለሁ። አንዳንዱ ቀና ይላል። ብዙዎቹ አይሰሙኝም።