ያልወደቀው ቀለህ

ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ማሽላው ፍሬ ይዞ ራሱን መድፋት የጀመረበት ጊዜ። ባለቤቴ ከሞተ ያለፈው አንድ ክረምት ብቻ ነበር። ይህን የምጽፈው የአባታችሁን ጠመንጃ ይዛችሁ ማሳ ለምትጠብቁ ልጆች ነው፤ ከዐረብ አገር ተመልሳችሁ ነፍጥ ገና ለጨበጣችሁም ጭምር። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ታገሡኝ።

ማሳችን ከሐይቅ ከተማ ወደ አምባሰል ሲወጣ ካለው ተረተር ሥር ነው። እኔና ባለቤቴ እዚያ ዓመታት ከርከሮ አድነናል። ሥጋውን እስላሙም ክርስቲያኑም አይበላውም፤ የምንገድለው ለእህላችን ብለን ነው። እሱ ይተኩሳል፤ እኔ ዱካ አያለሁ። ሲተኩስም ቀለሁ፣ ባዶው የጥይት ቀፎ፣ በስተቀኝ ተወርውሮ ሲያርፍ ሰምቼ ከሣር ውስጥ እለቅምለታለሁ። «አንቺስ ከጥይቱ ይልቅ ቀለሁን ነው የምትወጅው» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

በዚያ ጥቅምት ከርከሮ ማሽላዬ ውስጥ ገባ። ለዓመቱ ሌላ የምበላው አልነበረኝም። አያ እንድሪስ፣ የባለቤቴ የአደን ጓደኛ፣ ማሳው ከእኛ ጋር ይዋሰናል። አንድ ቀን መጥቶ ደጄ ላይ ቆመ።

«እታለም፣ ከዚህ በላይ ከጠበቅን የምናጭደው አገዳውን ብቻ ነው። ጠመንጃውን አውርጂው።»

ጠመንጃው ሲሚኖቭ ነው፤ አንዴ ከተኮሰ በኋላ ራሱ ያቀባብላል። ከለቅሶው ቀን ጀምሮ ምሰሶው ላይ እንደተሰቀለ ነበር። ላየው እንኳ አልፈልግም ነበር፤ ግን አወረድሁት። አያ እንድሪስ አቧራውን በጋቢው ጫፍ ጠረገና ማቀባበያውን ሳበው። ብረቱ ወደ ኋላ ሄደ፤ ተመለሰ። «አብሽሪ፣ ደህና ነው» አለኝ። በዚህ ተታለልን።

በማግስቱ ማለዳ ወጣን። ጉሙ ከሐይቁ በኩል እየተነሣ ነበር። ማሳው ዳር አፈሩ ተገልብጧል። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ሣሩ ሁሉ ጤዛ ለብሶ ሳለ የተቆፈረው አፈር ላይ ጤዛ የለም። ሌሊት አይደለም የቆፈረው፤ አሁን ነው። ኮቴው ሰፊ ነው፤ ወደ ቦረቦሩ ይወርዳል።

«አያ፣ ቅርብ ነው» አልሁት በሹክሹክታ።

«ባልሽ ቢሆን እስካሁን ሁለት ጊዜ ስቶት ነበር።»

ሳልፈልግ ሳቅሁ። ከለቅሶው ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከርከሮው ከቁልቋሉ ሥር ወጣ። ጎረምሳ አይደለም፤ ክራንቻው ተቆልምሞ ወደ ላይ የወጣ አሮጌ ወንድ ነው። አያ እንድሪስ ተኮሰ። ዳሌውን አገኘው፤ አልጣለውም። ዞሮ ወደ እኛ መጣ። አያ እንድሪስ ደግሞ ምላጩን ሳበ። ምንም የለም። እንደገና ሳበ። ከርከሮው ከጉልበቱ በላይ መታውና ከመሬት አነሣው፤ ጠመንጃው እየተንከባለለ እግሬ ሥር ወደቀ።

አንሥቼ ምላጩን ሳብሁ። ላላ፤ ሕይወት የለውም። ከርከሮው ጥቂት አልፎ ተመለሰና አያ እንድሪስ ላይ ወጣበት። ጭኑ ተከፍቶ ደሙ ይፈስሳል፤ በሁለት እጁ ክራንቻውን ይዞ ይታገላል።

«ሽሺ! እታለም፣ ሽሺ!»

ወዴት ልሽሽ? ለሚስቱ ምን ብዬ ልንገራት? አንድ ለቅሶ ሳይወጣልኝ ሌላ ሬሳ ይዤ ልገባ ነው አልሁ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ተኩሱን ሰምቻለሁ፤ ገደሉ ድምፁን ሲመልሰውም ሰምቻለሁ። ቀለሁ ሲወድቅ ግን አልሰማሁም። አሁንም ውስጥ ነው ማለት ነው።

ሰደፉን መሬት ተክዬ ማቀባበያውን ሳብሁ። ጣቴ አመለጠኝ። ነጠላዬን እጄ ላይ ጠቅልዬ በሙሉ ክብደቴ ጎተትሁት። ቀለሁ ዘልሎ ወጣ፤ ሌላ ጥይት ገባ። ተጠጋሁ። አያ እንድሪስን እንዳልመታው እየፈራሁ አፈሙዙን ከከርከሮው ጆሮ ሥር አስደግፌ ተኮስሁ። እንደገና በእጄ ጎተትሁ፤ እንደገና ተኮስሁ። ከርከሮው የአያ እንድሪስ እግር ላይ ተደፋ።

ጥቁር ነጠላዬን ቀድጄ ጭኑን አሰርሁና ኡኡ አልሁ። ሰው እስኪደርስ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይል ነበር፤ ኋላ ድምፁ ጠፋ። በቃሬዛ እስከ መንገዱ፣ ከዚያ በባጃጅ ሐይቅ ጤና ጣቢያ አደረስነው። ተረፈ፤ እግሩ ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

መቀመጥ ሲችል «እስቲ ጠመንጃውን አምጭው» አለኝ፤ አብረን ፈታነው። ጥይቱ ከሚያልፍበት ብረት በላይ ሌላ ቱቦ አለ፤ ሲተኮስ የባሩዱ ጋዝ እዚያ ገብቶ ፒስተን የሚባለውን ዘንግ ይገፋል፤ እሱ ነው ቀለሁን የሚያስወጣውና ሌላ ጥይት የሚያስገባው። የእኛው ፒስተን ዝጎ ከቱቦው ጋር ተጣብቋል። በእጅ ስታቀባብሉ ደህና የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ያን ጊዜ ፒስተኑ አይነካም። ነጭ ጋዝ ውስጥ አሳድረነው በእንጨት እየመታን አወጣነው። ጥላሸትና ዝገት ነው።

«ከመቼ ወዲህ ነው ያልተወለወለው?» አለኝ።

«ባለቤቴ እኮ የተኮሰ ዕለት ማታውን ነበር የሚወለውለው።»

ከዚያ አደን በፊት በጠመንጃው መጨረሻ የተተኮሰው በባለቤቴ ለቅሶ ነው። የተኮሰውም አያ እንድሪስ ነው፤ እያለቀሰ ወደ ሰማይ ጥይቱን ጨርሶ ምሰሶው ላይ ሰቀለው። የሟችን ጠመንጃ በለቅሶ መካከል መፍታት ውርስ እንደ መከፋፈል ስለሚቆጠር ማንም አልነካውም። የባሩዱ ዝቃጭ የክረምቱን እርጥበት እየሳበ ብረቱን በላው።

«እኔ ነኛ» አለ።

«አንተ ብቻ መች አዘንህ?» አልሁት።

በቅርቡ ከላይኛው መንደር አንድ ሽማግሌ ሞቱ። ልጃቸው ከዐረብ አገር ለቀብር የመጣ ነው፤ በአባቱ ጠመንጃ ተኩሶ ሊሰቅለው ሲል ከሴቶቹ መካከል ተነሣሁ። ጨርቅና ዘይት ይዤ ነበር የሄድሁት።

«እማማ፣ አሁን? ሰው ምን ይላል?»

«ይበል። ፍታው።»

ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ይሰማኛል። ከቤቱ ጀርባ ተቀመጥን። እንባው ብረቱ ላይ ሲንጠባጠብ ዘይቱን ከመቀባቴ በፊት በጨርቁ አደርቅለታለሁ። ፒስተኑን አውጥቶ በመዳፌ ላይ አኖረው። ገና ይሞቅ ነበር።