ቦጋለ ከምሰሶው ላይ የደወለ ዕለት

ቦጋለ በሶዶ ዳርቻ፣ ኮረብታው ላይ የቆመውን የሬዲዮ ምሰሶ መንከባከብ ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከፍታ አስፈርቶት አያውቅም። የሚያንገሸግሸው መሬት ላይ ያለው ነገር ነው። ምሰሶውን ከሦስት አቅጣጫ ወጥረው የያዙትን የብረት ገመዶች ሰፈሩ የልብስ ማስጫ አድርጓቸዋል። የጎረቤቱ የወይዘሮ ዘመነች ላም ደግሞ ከገመዱ ሥር ተፈትታ አታውቅም።

«እትዬ፣ ስንቴ ልንገርዎት? ይሄ ገመድ ቢላላ ምሰሶው የሚወድቀው እርስዎ ቤት ላይ ነው!»

«ይሄን ሁሉ ብረት የቻለ፣ አንዲት ላም ሊያቅተው ነው?» ይሉታል፣ ትንሿን ሬዲዮናቸውን ከጆሯቸው ሳያነሡ።

ለሬዲዮ ጣቢያው ኃላፊ ቢናገር «በጽሑፍ አቅርብ» ተባለ። በጽሑፍ ቢያቀርብ ደብዳቤው ጠፋ።

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ የተቃጠለ መብራት ሊቀይር ወጣ። መብራቱ ከአንቴናዎቹ በታች ስለሆነ ስርጭቱ አልተቋረጠም። ሠላሳ ሜትር ያህል እንደወጣ ምሰሶው ያለ ነፋስ ሲርገበገብ ተሰማው። ቁልቁል ቢያይ አንድ ሰው ገመዱ ሥር ተንበርክኮ ብሎን ይፈታል።

«አንተ! ተው!»

ድምፁ የትም አልደረሰም። ለጥበቃው ለሀብተጊዮርጊስ ደወለ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ኃላፊው «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብሎ ዘጋበት። በቃሉ የሚያውቀውን ሌላ ቁጥር መታ። የቀጥታ ስርጭቱ ስልክ ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ማን እንበል?» አለች አዘጋጇ ቤዛዊት። «የትኛውን ዘፈን እንጋብዝዎ?»

«ምን ዘፈን አመጣሽብኝ! ቦጋለ ነኝ፣ ምሰሶው ላይ ነኝ! እትዬ ዘመነች፣ የሚሰሙኝ ከሆነ ይውጡ! ላምዎ አጠገብ ሌባ አለ!»

ከታች የጎረቤቱ በር ተበርግዶ ተከፈተ። ወይዘሮ ዘመነች ዘነዘና አንጠልጥለው ወጡ። ሰውየው ገና ሲያያቸው መፍቻውን ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ። ገመዱን የያዙት ሁለት ብሎኖች ብቻ ቀርተው ነበር።

ቦጋለ ወርዶ ብሎኖቹን አጠበቀ።

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፤ ነፍሴን አተረፉ።»

«ኧረ እኔ ላሜን ሊወስድብኝ መስሎኝ ነው የወጣሁት!»

በሦስተኛው ቀን ከጣቢያው ደብዳቤ ደረሰው። «ያለ ፈቃድ የአየር ሰዓት በመጠቀምና አዘጋጇን በማመናጨቅ» የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል። ሁለቴ አነበበው። ከዚያ ኃላፊው ቢሮ ገብቶ የሥራ መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«እንግዲህ እርስዎ ይውጡበት» አለው።

ምትክ ተፈለገ። ከቢጠናም ከቦምቤም ሰው መጣ፤ ሁሉም ቀና ብሎ አይቶ ተመለሰ። በሦስተኛው ሳምንት ኃላፊው ራሱ ደውሎ ማስጠንቀቂያው መነሣቱን ነገረው። ቦጋለ ሥራውን ስለሚወድ ተመለሰ። ይቅርታ የሚል ቃል ግን እስከ ዛሬ ከማንም አልሰማም።